ሰው ዝም ሲል የጀርባው ድምፅ ለምን መሀል ላይ ይሰበሰባል?

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። አንድ ወጣት በኢንተርኔት የሚያስደውል ፕሮግራም እየሠራ ነው። ድምፁን በሁለት ማይክ ይቀዳል፣ በስቴሪዮ ይልካል። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰው ሲናገር ሁሉም ደህና ነው። ንግግሩ ጋብ ሲል ግን ከኋላ ያለው ድምፅ በሙሉ ጭንቅላቴ መሀል ይገባል። ለግራና ለቀኝ የተለያየ የዘፈቀደ ቁጥር ሰጥቼ ሞከርኩ። አሁን ደግሞ ሁለቱ ጆሮዬ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ግማሹን መንገድ ሄደሃል። የሞከርካቸው ሁለቱም ጫፎች ናቸው። አንተ የምትፈልገው በመካከላቸው ነው ያለው።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ትንሽ ልበል። ስልክ ላይ አንዱ ሲያወራ ሌላው ያዳምጣል። ዝም ባለው ሰው በኩል ኮዴኩ፣ ማለትም ድምፁን ለመላክ የሚያጨምቀው ፕሮግራም፣ ሙሉ ድምፅ መላኩን ያቆማል። ይህ አሠራር ዲቲኤክስ ይባላል፤ ዳታና ባትሪ ይቆጥባል። መስመሩ ጭር ካለ ግን ሰው ይደነግጣል። ጅዳ ያለች ልጅ፣ እናቷ ትንሽ ዝም ካሉ «ሃሎ! ሃሎ! ተቋረጠ እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ ተቀባዩ ስልክ ራሱ ቀለል ያለ ሽውሽውታ ይፈጥራል። ላኪው የሽውሽውታውን መጠንና ቅርፅ አልፎ አልፎ በትንሽ ፓኬት ይነግረዋል። በሞባይሉ ኤኤምአር ኮዴክ ይህ በየ8 ፍሬሙ (ፍሬም ማለት የ20 ሚሊሰከንድ የድምፅ ቁራጭ ነው)፣ ማለትም በየ160 ሚሊሰከንዱ ነው። ለኢንተርኔት ጥሪ የሚያገለግለው ኦፐስ ኮዴክ ደግሞ በየ400 ሚሊሰከንዱ አንድ ፍሬም ይልካል።

ለአንድ ጆሮ ይህ ይበቃል። ለሁለት ጆሮ ግን አንድ ነገር ይጎድላል፤ ግራው ከቀኙ ጋር ያለው ዝምድና። ሁለቱ ፍጹም አንድ ከሆኑ 1፣ ምንም ካልተገናኙ 0 ነው።

እኔ ይህ የገባኝ እዚሁ ደሴ፣ ቤቴ ውስጥ ነው። ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ በሁለት ማይክ ቀዳሁት። በሌላ ቀን የወፍጮ ቤቱን ድምፅ በመስኮት በኩል ቀዳሁ። ወፍጮው ካንድ አቅጣጫ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም ማይኮች ያንኑ ድምፅ ይሰማሉ፣ ዝምድናው ለ1 ይጠጋል። ዝናቡ ግን ከየአቅጣጫው ነው፤ ዝምድናው ዝቅ ይላል። ለሁለቱም ያው አንድ ዓይነት ሽውሽውታ ብትሰጥ፣ አንዱን ታበላሻለህ።

አሁን ወደ ሥራው። ሦስት የዘፈቀደ ሽውሽውታ ምንጭ ያስፈልግሃል፤ አንድ የጋራ፣ አንድ የግራ ብቻ፣ አንድ የቀኝ ብቻ። መነሻ ቁጥራቸው (ሲዳቸው) የተለያየ ይሁን። የመጀመሪያው ችግርህ የመጣው ሁለቱ ጎኖች ከአንድ መነሻ ቁጥር ስለተነሱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ዝምድናውን «ዝ» እንበለው። የጋራውን በ«ዝ» ስኩዌር ሩት አባዛው። የየጎኑን ደግሞ ከ1 ላይ «ዝ» ተቀንሶ በሚቀረው ስኩዌር ሩት አባዛ፣ ከዚያ ደምራቸው። ለምሳሌ «ዝ» 0.64 ቢሆን የጋራው በ0.8፣ የየጎኑ በ0.6 ይባዛል። ሁለቱን ካሬ አድርገህ ስትደምር 1 ይመጣል፤ ድምፁ አይወርድም፣ አይወጣም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ስኩዌር ሩቱን ትቶ በ0.64 እና በ0.36 ያባዛል። ያኔ ጉልበቱ ወደ 0.54 ይወርዳል፤ ቅናሹ 2.7 ዴሲቤል ገደማ ነው። ሰውዬው ዝም ባለ ቁጥር ክፍሉ አብሮት ዝቅ ይላል፣ ጆሮም ወዲያው ይነቃበታል።

የግራና የቀኝ መጠን ልዩነትንም አትርሳ። ማራገቢያው በግራ ካለ ግራው ይበልጣል። ይህን ከቀላቀልክ በኋላ በየጎኑ አስተካክል።

አንድ «ዝ» ለሁሉም ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) አይሆንም። ወፍራሙ ድምፅ በሁለቱም ማይክ ይመሳሰላል፣ ቀጭኑ ይለያያል። ማይኮችህ 17 ሴንቲሜትር ከተራራቁና ጫጫታው ከየአቅጣጫው ከመጣ፣ 1000 ኸርዝ አካባቢ ሲደርስ ዝምድናው ዜሮ ይሆናል። ስለዚህ ድግግሞሹን በጥቂት ክልሎች ከፍለህ ለእያንዳንዱ የራሱን «ዝ» ላክ። ለአንዱ 2 ወይም 3 ቢት ይበቃዋል፤ ጆሮ እዚህ ላይ ያን ያህል ጥብቅ ተቆጣጣሪ አይደለም።

ስትለካ ደግሞ ተጠንቀቅ። በአንድ ፍሬም፣ በአንድ ድግግሞሽ ነጥብ ላይ ብቻ ካሰላህ ውጤቱ ሁልጊዜ 1 ነው። ዝናብም ይሁን ወፍጮ ለውጥ የለውም። እኔ በዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ስባዝን ነበር። ሰውየው ዝም ባለባቸው ብዙ ፍሬሞች ላይ አማካይ ያዝ፤ ንግግር ያለበትን ፍሬም አታስገባ።

ከንግግር ወደ ዝምታ ስትሻገር በአንዴ አትቀይር። አሮጌውን ድምፅ ቀስ በቀስ እያወረድክ አዲሱን በጥቂት ፍሬሞች ውስጥ አስገባው። አዲስ መልእክት በደረሰ ቁጥርም ከቀድሞው ዋጋ ወደ አዲሱ በእርጋታ ተሸጋገር። አለበለዚያ ጫጫታው በየ160 ሚሊሰከንዱ ግራ ቀኝ ይንገላታል።

ይህን ሁሉ ከመጀመርህ በፊት ግን ዲቲኤክሱን አጥፍተህ አንዴ ደውል። ችግሩ ያኔም ካለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የጫጫታ ማጥፊያው ወይም የኤኮ ማጥፊያው ገና ከኮዴኩ በፊት ስቴሪዮውን ወደ አንድ ድምፅ (ሞኖ) ቀይሮታል። እነሱን አንድ በአንድ እያጠፋህ ስማ።

ሲያልቅ አንድ ሰው ኢርፎን አድርጎ ዓይኑን ይጨፍን፤ የጀርባው ድምፅ ወደ ተፈጠረው ሽውሽውታ የተቀየረበትን ቅጽበት በእጁ ያመልክት። ካላወቀው ሠርቷል። ሙከራውን ክፍል ውስጥ ብቻ አታድርገው። ቦርከና ዳር ሄደህ ውሃውን ቅዳ፣ ሐረጎ ላይ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ ቅዳ። ሁለቱን ፋይሎች ላክልኝ፤ የየክልሉን «ዝ» አብረን እናያለን።