በሻነን ዳር፣ ሳይጣደፉ

ጥያቄ፦ ልጄ አየርላንድ፣ ደብሊን ነው የምትኖረው። ቪዛ አግኝቼ በመስከረም ልሄድ ነው። መኪና ተከራይታ ገጠሩንና ጥንታዊ ቦታዎችን ልታሳየኝ አስባለች። ያለን አንድ ሳምንት ነው፤ ጉልበቴን ያመኛል፣ ጥድፊያም አልወድም። የቱን እናስቀድም? (ጡረተኛ መምህር፣ ደሴ ፒያሳ)

መልስ፦ አባባ፣ አገሩን ሁሉ ልዙር ካሉ የሚያዩት የመኪና መስኮት ብቻ ነው። ምዕራቡን ለሌላ ጊዜ ይተዉት።

ኒውግሬንጅ ለደብሊን ቅርብ ነው፤ ከግብጽ ፒራሚዶች የሚቀድም፣ ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነው መቃብር። ታኅሣሥ 12 ገደማ የማለዳ ፀሐይ ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ እስከ ውስጠኛው ክፍል ትገባለች። ትኬቱን ልጅዎ ቀድማ ትግዛ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ጎንበስ ማለት አለ።

እኔ ግን ልቤ ያለው ክሎንማክኖይዝ ነው። ቅዱስ ኪያራን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሻነን ወንዝ ዳር የመሠረተው ገዳም ነው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለተሳለመ ሰው ውኃ ዳር መሆኑ ብቻ ደስ ይለዋል። ደጅ የቆሙት የድንጋይ መስቀሎች ቅጂ ናቸው፤ ዋናዎቹ ቤት ውስጥ ስለሆኑ ሳያዩ እንዳይወጡ። ግማሽ ቀን ይስጡት።

መሪውን ለልጅዎ ይተዉላት። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ የለመደ ሾፌር እንኳ በግራ መንዳት ያደናግረዋል። የገጠሩ መንገድ ቀጭን ነው፣ ቁጥቋጦው መስታወት ይነካል፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ በአብዛኛው ፍጥነቱ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ተደርጓል፤ ለእርስዎ ይስማማል።

ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ ግዛት ነው። ድንበሩ ላይ ኬላ የለም ብላችሁ እንዳትሻገሩ፣ ቪዛው ሌላ ነው።