ክራፍትቨርክ ወይስ ታንጀሪን ድሪም? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ቀደምቶቹ የአውሮፓ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቀኞች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ ጥያቄ ጎረፈ። አብዛኛው የሚዞረው በሁለት የጀርመን ባንዶች ዙሪያ ነው፤ በዱስልዶርፉ ክራፍትቨርክና በምዕራብ በርሊኑ ታንጀሪን ድሪም። እኔም ብዙውን ቦታ ለእነሱ ሰጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሁለቱም ጀርመን፣ ሁለቱም ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥር መሣሪያ)፣ ሁለቱም የሰባዎቹ ናቸው። ለእኔ ጆሮ ሁለቱም የማሽን ድምፅ ነው። ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ስትሰማቸው እግርህን ልብ በል። ክራፍትቨርክ ሲከፈት እግርህ ሳታዘው ወለሉን መምታት ይጀምራል። ታንጀሪን ድሪም ሲከፈት እግርህ ዝም ይልና ዓይንህ ይከደናል።

ክራፍትቨርክ የሚሠሩት እየቀነሱ ነው። አንድ ምት፣ አንድ አጭር ዜማ፣ ጥቂት ቃላት። የቀረው ሁሉ ይወጣል። በ1977 የወጣውን «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ስማው። ባቡር ሐዲድ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ምት ነው፤ በላዩ ላይ አንዲት ወደ ላይ የምትወጣ ዜማ አለች። በቃ። ግን አንዴ ከሰማሃት አትለቅህም።

ታንጀሪን ድሪም ማሽኑን ይለቁትና ወዴት እንደሚሄድ ይከተሉታል። በ1974 የወጣው «ፌድራ» የተቀዳው እንግሊዝ አገር፣ ኦክስፎርድሸር ውስጥ ባለ የቨርጂን ስቱዲዮ ነው። ዋና መሣሪያቸው ሞግ የሚባለው ትልቅ ሲንተሳይዘርና ሲክዌንሰሩ ነበር። ሲክዌንሰር የሰጠኸውን የኖታ ተርታ ደጋግሞ የሚያጫውት ዕቃ ነው። የዚያ ዘመን ሞግ ደግሞ ሲሞቅ ድምፁ ከቦታው ይንሸራተት ነበር። የአልበሙን መጠሪያ ሥራ በጥሞና ብትሰማ ያ መንሸራተት ይሰማሃል። አላጠፉትም፤ እንዳለ ተዉት። ሥራው ሕይወት ያለው የሚመስለው በከፊል ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ጀርመን? ለምን እንግሊዝ ወይም አሜሪካ አልሆነም?

መልስ፦ እነዚህ ልጆች የተወለዱት ጦርነቱ ባለቀበት ሰሞን ነው። የታንጀሪን ድሪም መሥራች ኤድጋር ፍሮዘ በ1944 ነው የተወለደው፤ የክራፍትቨርኩ ራልፍ ሁተር በ1946፣ ፍሎሪያን ሽናይደር በ1947። የወላጆቻቸውን ዘመን ሙዚቃ ማስቀጠል አልፈለጉም። የአሜሪካንና የእንግሊዝን ሮክ መቅዳትም አሰልቺ ሆነባቸው። የራሳችን የምንለው ድምፅ የታለ ብለው ተነሡ።

ደግሞ ከባዶ አልተነሡም። ኮሎኝ ከተማ ውስጥ ከሃምሳዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሬዲዮ ጣቢያው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስቱዲዮ ነበር፤ ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሽቶክሃውዘን የሠራው እዚያ ነው። ኮሎኝ ደግሞ ለዱስልዶርፍ ቅርብ ናት። ሽናይደር ሲጀምር ፍሉት ተጫዋች ነበር። ፍሮዘ በበርሊን ቅርጻቅርጽ የተማረ ሰው ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ሙዚቃው ይበልጥ ገባኝ፤ «ፌድራ» ውስጥ ድምፁ እንደ ጭቃ ሲላቆጥ ይሰማኛል።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄድ ንገረን። ተጽዕኖው የበለጠው የማን ነው?

መልስ፦ ክራፍትቨርክ። ምክንያቴን ግን ላስረዳ፤ ከሁሉም በላይ ማውራት የምፈልገው ይህን ነው።

የአንድ ባንድ ተጽዕኖ ለእኔ የሸክላ ሽያጭ አይደለም። ሌላው ሰው በእጁ ምን ሠራበት የሚለው ነው። በ1974 «አውቶባን» ወጣ። ከ22 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ፣ በአውራ ጎዳና ላይ ስለ መንዳት የሚያወራ ሥራ ነው። አጥሮ የአሜሪካ ሬዲዮ ላይ ተጫወተ፤ በአገሪቱ የዘፈን ሠንጠረዥ እስከ 25ኛ ደረጃ ደረሰ። በ1975 ሊቨርፑል ውስጥ ሲጫወቱ አንዲ ማክለስኪ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ተገኝቶ ነበር። ቆይቶ ኦኤምዲ የተባለውን ባንድ ከመሠረቱት አንዱ እሱ ነው። የሰማንያዎቹ የእንግሊዝ የሲንተሳይዘር ፖፕ እንዲህ ካሉ ምሽቶች ነው የበቀለው።

ትልቁ ጉዞ ግን ወደ ኒውዮርክና ወደ ዲትሮይት ነው። በብሮንክስ ሰፈር የጥቁር ልጆች ድግስ ላይ «ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ይከፈት ነበር። በ1982 የብሮንክሱ ዲጄ አፍሪካ ባምባታና ሶልሶኒክ ፎርስ የተባለው ቡድኑ፣ ከፕሮዲዩሰሩ አርተር ቤከር ጋር «ፕላኔት ሮክ»ን ሠሩ። ዜማው ከ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ»፣ ምቱ «ነምበርስ» ከሚለው የ1981 ሥራ የመጣ ነው። ከሸክላው ቆርጠው አልወሰዱም፤ 808 በሚባለው የሮላንድ ድራም ማሽንና በኪቦርድ ራሳቸው እንደገና ተጫወቱት። ኤሌክትሮ የሚባለው ስልት ከዚያ ወጣ። ዲትሮይት ላይ ደግሞ ሁዋን አትኪንስና ጓደኞቹ ክራፍትቨርክን ፈንክ ከሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ ጋር አዋሕደው፣ ቴክኖ የሚባለውን የማሽን የጭፈራ ሙዚቃ ፈጠሩ።

እስቲ አስቡት። የጀርመን ልጆች ስለ መንገድና ስለ ባቡር የሠሩትን ሙዚቃ፣ የመኪና ፋብሪካ ከተማዋ የዲትሮይት ጥቁር ወጣቶች የራሳቸው አደረጉት። ከዚያ ያ ቴክኖ ተመልሶ በርሊን ገባ። በዓለም ላይ እንዲህ ዞሮ ቤቱ የገባ ሙዚቃ ብዙ አላውቅም።

ጥያቄ፦ ታንጀሪን ድሪምን ዝቅ አደረግከው። እኔ አልስማማም።

መልስ፦ ዝቅ አላደረግኩትም፣ እህቴ። የእነሱ ተጽዕኖ ስም ሳይጠራ የሚገባ ነው። በፊልም በኩል ይመጣል። በ1977 «ሶርሰረር»፣ በ1981 «ቲፍ»፣ በ1983 «ሪስኪ ቢዝነስ»፤ የሁሉም ሙዚቃ የእነሱ ነው። ዛሬ ፊልም ላይ ማታ፣ ባዶ መንገድና የመኪና መብራት ስታዪ፣ ከሥር የሚመታው የሲክዌንሰር ድምፅ ዘሩ ከእነሱ ነው። በ2016 በጀመረው «ስትሬንጀር ቲንግስ» የተባለ የቴሌቪዥን ድራማ ላይም የራሳቸው ሥራዎች ገብተዋል።

ሌላም አለ። በዲሴምበር 1974 ፈረንሳይ ውስጥ በሬንስ ካቴድራል ተጫወቱ። ቦታው ከሚችለው በላይ ሰው ገባ። በጃንዋሪ 1980 ደግሞ ምሥራቅ በርሊን፣ የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት በሚባለው አዳራሽ ተጫወቱ። ከበርሊን ግንብ ማዶ ያሉ ወጣቶች ያንን ድምፅ በዓይናቸው እያዩ ሰሙት። ይህ በምንም ሠንጠረዥ አይለካም።

ጥያቄ፦ የክራፍትቨርክ ሙዚቃ ስሜት የለውም። ሮቦት ነው።

መልስ፦ እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሌም «ኮምፒውተር ላቭ»ን ስሙ እላቸዋለሁ። የ1981 ሥራ ነው። አንድ ሰው ማታ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ፣ የሚያገኘው ሰው ፈልጎ ስክሪን ላይ አፍጥጧል። ኢንተርኔት ቤታችን ከመግባቱ በፊት የተጻፈ ነው። ዜማዋ በጣም ታሳዝናለች። የእንግሊዙ ባንድ ኮልድፕሌይ በ2005 «ቶክ» ለሚለው ዘፈናቸው የወሰዷት ይህችኑ ዜማ ነው። «ሬዲዮአክቲቪቲ»ንም ተመልከት። በ1975 ሲወጣ የኒውክሌር ጨረርን አልደገፈም፣ አልተቃወመም። በ1991 እንደገና ሲቀዱት «ይቁም» የሚል ቃል ጨመሩበት፤ ቼርኖቢልንና ሂሮሺማን በስም ጠሩ። ሮቦት አይቆጭም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጆርጅዮ ሞሮደርን ረሳኸው እንዴ? ዣን ሚሼል ዣርስ?

መልስ፦ አልረሳሁም፤ ጥያቄው የባንዶች ስለነበር ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሞሮደር በ1977 ሙኒክ ላይ ከዘፋኟ ዶና ሰመር ጋር የሠራው «አይ ፊል ላቭ» ለጭፈራ ቤት ሙዚቃ ከማንም አያንስም። ፈረንሳዊው ዣር በ1976 «ኦክሲጅን» በተባለው አልበም የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ለሰፊው ሕዝብ አቀረበ። በ1979 ፓሪስ ኮንኮርድ አደባባይ ላይ ወደ 1 ሚሊዮን ሰው ሰብስቧል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ሴቶች አልነበሩም?

መልስ፦ ነበሩ፤ ከሁለቱ ባንዶችም ይቀድማሉ። ዴሊያ ደርቢሸር በ1963 ሬዲዮፎኒክ ወርክሾፕ በሚባለው የቢቢሲ የድምፅ ስቱዲዮ «ዶክተር ሁ» የተባለውን የቴሌቪዥን ድራማ መግቢያ ሙዚቃ ሠራች። ድምፁን ቀድታ፣ የቴፑን ክር በእጅ እየቆረጠችና እየቀጠለች ነው የሠራችው። ያኔ ስሟ አልተጠቀሰላትም። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ የእኛ የኪቦርድ ሙዚቃስ ከእነዚህ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በመሣሪያው ይገናኛል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር አድርጎ «ሸሞንሟናዬ»ን ሠርቷል። በ2013 እንደገና ታትሞ አዲስ አድማጭ አግኝቷል። ከዱስልዶርፍ ተማረ ማለቴ አይደለም። ዕቃው አንድ ዓይነት ነው፣ ቅኝቱ የእኛ ነው። ሁለቱን አከታትለህ ስትሰማ ያ ልዩነት ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ምንም አላውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከ«ትራንስ ዩሮፕ ኤክስፕረስ» ጀምሪ፣ ልጄ። አውቶቡስ ወይም ባቡር ውስጥ ሆነሽ ስሚው። በማግስቱ ማታ «ፌድራ»ን ክፈቺ። በጆሮ ማዳመጫ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ ስልክሽን ሌላ ክፍል አስቀምጠሽ። የመጀመሪያው ሥራ 17 ደቂቃ ያህል ነው። መሃሉ ላይ አታቋርጪው፤ ሲክዌንሰሩ ቀስ በቀስ ሲጠፋና ባዶው ሲመጣ እንዲያገኝሽ ነው።