መልስ፦ ኩላሊቷን የታመመችው ልጅ ትዕይንት ለምን አያሳምንም?
በድርሰትህ ውስጥ ጠበል ቦታ ያለው ትዕይንት ለምን ውሸት እንደመሰለ ለጠየቅኸው፦ ልጅቷ አንድ ጆግ ጠበል ጠጥታ ቀለል ሲላት ስላሳየሃት ነው። እንደ እሷ ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን የሚያጣራ የኩላሊት እጥበት) ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ የሚጠጣው በልክ ነው፤ ትርፉ ሳንባው ላይ ሲጠራቀም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋደም ማለት ያቅተዋል። ግጭቱ እዚሁ አለልህ! ትጠመቅ፣ ጠበሉን ግን በሲኒ ትቅመስ፤ ሲኒውን የሚለካላት እጮኛዋ ይሁን።

የኩላሊት እጥበቱ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ገደማ ነው። የ7 ቀን ሱባኤ ካስገባሃት 3 ቀጠሮ ያመልጣታል። ፊስቱላ (ለእጥበቱ ተብሎ በቀዶ ጥገና የተገናኙ የደም ሥሮች) የተሠራበት ክንዷ ላይ ደም ግፊት አይለካም፤ ሲዳስሱት ንዝረት አለው (እጮኛዋ እጇን ሲይዛት ይሰማው)። ከቀብሩ ትዕይንት በቀጥታ ወደ 40ኛው ቀን መታሰቢያ አትዝለል፣ መሃል ላይ ሠልስት አለ። ቄሱን ደግሞ መድኃኒት አስጣይ አታድርጋቸው፣ ተሰልችቷል።