ለአሮጌ የብስክሌት ዲናሞ ኤልኢዲ መግጠም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባለ 28 ኢንች ብስክሌቴ ጎማ ተደግፎ የሚዞር ዲናሞ አለው፤ ላዩ ላይ «6 ቮልት 3 ዋት» ይላል። የፊት አምፖሉ ሲቃጠልብኝ ከእጅ ባትሪ የፈታሁትን ትንሽ ነጭ ኤልኢዲ ገጠምኩበት። ቁልቁለት ላይ ቦግ ብሎ በዚያው ጠፋ። ሁለተኛውም እንደዚያው ሆነ። ሬዚስተር ልጨምርበት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሬዚስተር (ከረንት የሚቀንስ ዕቃ) ኤልኢዲዎን ቢያቆየው እንኳ መንገድ የሚያሳይ ብርሃን አይሰጥዎትም። ችግሩ ያለው ከዲናሞው ጠባይ ላይ ነው። የባትሪ ድንጋይ ቮልቱን ይጠብቃል፣ ከረንቱ የሚወሰነው በገጠሙለት ነገር ነው። ዲናሞ ግን ብስክሌቱ ፍጥነት ከያዘ በኋላ የገጠሙለት ምንም ይሁን ምን ወደ 0.5 አምፔር ይገፋል። የእርስዎ ባለ 5 ሚሊሜትር ኤልኢዲ የሚችለው 0.02 አምፔር ያህል ነው፤ 25 እጥፍ ተጫነበት ማለት ነው። በዚያ ላይ ዲናሞው የሚያመነጨው ኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን ወዲያ ወዲህ የሚለዋውጥ ከረንት ነው። ኤልኢዲ ከረንት የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን፣ በግልባጩ ከ5 ቮልት በላይ ሲመጣበት ሊበላሽ ይችላል። ጭነት የሌለው ዲናሞ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ከ20 ቮልት በላይ ይወጣል።

ስለዚህ 0.5 አምፔሩን ሳይጨነቁ የሚሸከሙ ኤልኢዲዎች ይግጠሙ። ባለ 3 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አራት ይግዙ፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የኮከብ ቅርጽ አሉሚኒየም ላይ የተቀመጠውን ዓይነት። እያንዳንዱ እስከ 0.7 አምፔር ይችላል፣ ሲበራ 3.2 ቮልት ያህል ይወስዳል። ሁለቱን በተከታታይ፣ የአንዱን ፕላስ ከሌላው ማይነስ ጋር፣ በስታኞ ይበይዱ። የቀሩትን ሁለት እንዲሁ ያድርጉ። ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ፊትና ኋላ አድርገው ያገናኙ፦ የአንደኛው ጥንድ ፕላስ ከሁለተኛው ጥንድ ማይነስ ጋር፣ የአንደኛው ማይነስ ከሁለተኛው ፕላስ ጋር። አንዱን መጋጠሚያ ከዲናሞው ሽቦ፣ ሌላውን ከመብራቱ ቆርቆሮ ጋር ያያይዙ። ከረንቱ ወዲህ ሲመጣ አንዱ ጥንድ ይበራል፣ ወዲያ ሲሄድ ሌላው፤ አንዱ ጥንድ ሌላውን ከግልባጭ ቮልት ይጠብቀዋል። ዳዮድም (ከረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካፓሲተርም (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) አያስፈልግም። ብልጭ ድርግም እንዳይል አይስጉ፤ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያላት፣ ጎማውን የምትነካው የዲናሞ ራስ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በሰከንድ 66 ጊዜ ያህል ትዞራለች፣ ዓይን አይከተለውም።

ከመግጠምዎ በፊት አራት የባትሪ ድንጋይ (6 ቮልት) ደርድረው ሁለቱን መጋጠሚያዎች ለአፍታ ይንኩ። አንድ ጥንድ ይበራል፤ ድንጋዮቹን ሲገለብጡ ሌላው ይበራል። በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ከበራ፣ ያልበራው ጥንድ ውስጥ አንዱ ኤልኢዲ ተገልብጧል ወይም ብየዳው አልያዘም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌው አንጸባራቂ ሳህን የተሠራው በዙሪያው ሁሉ ለሚያበራ ክር ነው። ኤልኢዲ ወደ ፊት ብቻ ስለሚያበራ ሳህኑ የሚሰበስበው ብርሃን እምብዛም አይደለም፤ አጠገብዎ ያለው ሣር ይበራል፣ መንገዱ ይጨልማል። ሳህኑን አውጥተው በምትኩ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ክብ አሉሚኒየም ያስገቡ፣ አራቱን ኤልኢዲ ሙቀት በሚያስተላልፍ ቅባትና በትናንሽ ብሎኖች ያሥሩበት፣ በየላያቸውም ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሚሰበስብ የፕላስቲክ ሌንስ ይድፉ። አሉሚኒየሙ የመብራቱን ቆርቆሮ በደንብ ይንካ፤ ሙቀቱ መውጫ ካላገኘ ኤልኢዲው ቀስ በቀስ ይደበዝዛል።

ጥያቄ፦ እኔ በአራት ዳዮድ ብሪጅ (ኤሲውን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞር ማገናኛ) ሠርቼ ሁለት ኤልኢዲ በተከታታይ አገናኘሁ። ብርሃኑ ግማሽ ነው፣ አንዱ ዳዮድ ይግላል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የኤልኢዲው ማይነስ ቴላዮውን (የብስክሌቱን የብረት አካል) ነክቷል። በአሮጌ ብስክሌት ከዲናሞው የሚወጣው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ መመለሻው ቴላዮው ራሱ ነው። ከብሪጁ የወጣው ማይነስ ቴላዮውን ሲነካ አንደኛው ዳዮድ ይታለፋል፣ የኤሲው ግማሽም ኤልኢዲውን ሳይጎበኝ በሌላኛው ዳዮድ በኩል ያልቃል። የሚግለው እሱ ነው። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጠው ላይ አድርገው፣ የዲናሞውን ሽቦ ነቅለው፣ በማይነሱና በቆርቆሮው መካከል ይለኩ፤ መጮኽ የለበትም። ኮከብ መቀመጫ የሌለው ኤልኢዲ ከሆነ፣ የሆዱ ብረት ከአንዱ እግሩ ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ቅጠል) ያስገቡ፣ በፕላስቲክ ብሎንም ያሥሩት። ካፓሲተር ካስገቡ ደግሞ 10 ቮልት 5 ዋት ዚነር ዳዮድ (ቮልቱ ከዚያ እንዳያልፍ የሚገታ) ትይዩ ያድርጉለት። አለዚያ የኤልኢዲ ሽቦ በተቆረጠ ቀን ቮልቱ ሽቅብ ወጥቶ ካፓሲተሩን ያፈነዳዋል።

ጥያቄ፦ የኋላውን ቀይ መብራትስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከላይ ባለ አራቱን አሠራር ከተከተሉ ቮልቱ 6.4 አካባቢ ስለሚቆም፣ 6 ቮልት 0.6 ዋቱ አሮጌ አምፖል እንዳለ ይሠራል። በየአቅጣጫው አንድ አንድ ኤልኢዲ ብቻ ከገጠሙ ግን ቮልቱ 3.2 ላይ ይቀርና የኋላው ይፈዛል። እሱንም መለወጥ ከፈለጉ ሁለት ተራ ቀይ ኤልኢዲ ፊትና ኋላ አገናኝተው አንድ 220 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ያስገቡ። የፊቱን ብየዳ ግን አጥብቀው ይያዙት፤ የፊቱ ከተቋረጠ ያ ሁሉ ከረንት ወደ ኋላው ይዞራል።