"እሺ" ያሉት ለምኑ ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። አሥራ አንድ የሰፈር ልጆች በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ስለ ከተማውም ስለ አገሩም ፖለቲካ እናወራለን። አንዱ "የአዲስ አበባው መንገድ ሁለት ቀን ቢዘጋ ይሰሙን ነበር" ብሎ ጻፈ። ብዙዎቹ ደገፉት፣ ሁለቱ ተቃወሙ። ለአንዳንድ ወጪ ተብሎ በነፍስ ወከፍ 300 ብር ተዋጣ። መንገዱ አልተዘጋም። ባለፈው ሳምንት ግን ሁለት ልጆች ለምርመራ ተጠሩ፤ እኛም ግሩፑን አጠፋነው። ሕገ መንግሥቱ ሐሳብን መግለጽ ይፈቅድ የለም? ወሬ ብቻ አውርተን በሴራ ልንከሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ማን እንደ ጻፈ፣ እነማን እንደ ደገፉ፣ እነማን እንደ ተቃወሙ፣ እነማን እንደ ተጠሩ ነግረውኛል። የጎደለው አንድ ሰው ነው፤ እርስዎ። ልጁ ያንን ሲጽፍ እርስዎ ምን ብለው መለሱ? 300 ብሩንስ ከፈሉ? ከከፈሉ ለምን ነበር? "ለአንዳንድ ወጪ" ብለው ማለፍዎ አልተመቸኝም። መርማሪም አይመቸውም።

የታወቀውን ሕግ ቶሎ ልለፈው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመያዝና የመግለጽ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 30 መሰብሰብንና ሰላማዊ ሰልፍን ይጨምራል። መንግሥትን መንቀፍ፣ ከንቲባው ይነሳ ማለት፣ ሕግ ይቀየር ማለት፣ በምርጫ ይሸነፉ ማለት ወንጀል አይደለም። ንግግር በራሱ የሚያስጠይቅባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መሠረት አድርጎ ጥላቻን ማስፋፋት አንዱ ነው። ይህን የሚመለከተው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። እርስዎ ያነሡት ጉዳይ ግን በዋናነት ከዚህ አይደለም።

ሁሉም የሚሳሳተው በመብትና በወንጀል መካከል ያለውን መስመር በንግግሩ ምሬት ሲለካው ነው። መራራ ንግግር ነጻ ሊሆን፣ ለስላሳ ንግግር ወኅኒ ሊያስገባ ይችላል። ግሡን ይመልከቱት። "ይህ አስተዳደር ይውረድ" ምኞት ነው። "መንገዱ ቢዘጋ ይሰሙን ነበር" ግምት ነው፤ ደስ ባይልም ግምት ነው። "እንዝጋው" ሲባል ሌላውን ወደ ድርጊት መጥራት ይጀምራል። "ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፤ አንተ ጎማ ታመጣለህ፣ አንተ ቤንዚን" ከተባለ ደግሞ ሐሳብ መግለጽ ቀርቷል፤ ቀን፣ ቦታ፣ ዕቃ፣ የሥራ ድርሻ ተቆርጧል። ሕጉ አድማ የሚለው፣ እኛ በተለምዶ ሴራ የምንለው፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች ወንጀል ለመፈጸም መስማማታቸው ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 38። ሁለት ሰው ይበቃል፤ እናንተ አሥራ አንድ ናችሁ።

"መንገዱ እኮ አልተዘጋም" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግማሹ እውነት ነው። በአንቀጽ 26 መሠረት ለወንጀል መሰናዳት ብቻውን እንደ ደንቡ አያስቀጣም። በአንቀጽ 36 ሌላውን ያነሳሳ ሰው የሚቀጣው ወንጀሉ ቢያንስ ተሞክሮ ሲገኝ ነው። ችግሩ ያለው ከደንቡ ውጭ በተቀመጡት ላይ ነው። አንቀጽ 257 በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱና በመንግሥት ላይ ለሚፈጸሙ ወንጀሎች መገፋፋትንና ለዚያ መዶለትን ራሱን ችሎ ይቀጣል፤ የታሰበው ባይፈጸምም። አንቀጽ 478 ከባድ ወንጀል ለመፈጸም የሚደረግ አድማን ለብቻው ይዟል። የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ደግሞ በፖለቲካ ዓላማ ሕዝብን ለማስፈራራት ወይም መንግሥትን ለማስገደድ የሕዝብ አገልግሎትን በከፍተኛ ሁኔታ ማወክን ከሽብር ድርጊቶች ይቆጥራል፤ ማቀዱንና መዘጋጀቱንም ይቀጣል። ይኸው አዋጅ በሕግ የታወቀን ሰልፍና ከሙያ ጋር የተያያዘን የሥራ ማቆም አድማ ከዚህ ነጥሎ አውጥቷል። ስለዚህ ያሰባችሁት ሰልፍ ነበር ወይስ ድንጋይ ደርድሮ አውቶቡስ ማስቆም? የእርስዎ ጉዳይ ግማሹ ይህ ጥያቄ ነው፤ ደብዳቤው ላይ ግን መልሱ የለም።

አሁን ባለጉዳዮች ሁልጊዜ ወደሚወድቁበት ጉድጓድ ልምጣ። ጉድጓዱ "እሺ" ነው።

እሺ ይበልጣል ከሺህ እየተባልን ነው ያደግነው። ታላቅ ሲናገር እሺ፣ ጓደኛ ሲቆጣ እሺ፣ ክርክሩ እንዲያልቅ እሺ። ብዙ ጊዜ ትርጉሙ "ሰምቼሃለሁ" ብቻ ነው፤ አንዳንዴም "ተወኝ" ነው። በወረቀት ላይ ሲታተም ግን የድምፁ ቃና አብሮት አይታተምም። "አንተ ከቆጪ በኩል ያሉትን ልጆች ንገራቸው" ከሚለው መልእክት ሥር የተጻፈ "እሺ" በዐቃቤ ሕግ ዓይን የተሰጠን ሥራ መቀበል ነው። አውራ ጣት የተቀሰረበት ምልክትም እንዲሁ። ቀልድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን ማስረዳቱ እርስዎ ላይ ይወድቃል። በሕግ ማስረዳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ቢሆንም፣ ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ ሰምቶ "ተከላከል" ካለዎት በኋላ ሸክሙ የት እንዳለ ትከሻዎ ይነግርዎታል።

ዝምታ ከእሺ ይሻላል፤ ግሩፕ ውስጥ መገኘት ብቻውን ስምምነት አይደለም። ዝም ብሎ 300 ብር መላክ ግን ዝምታ አይባልም። ለአሥራ አንድ ሰው 3,300 ብር ይሆናል። 3,300 ብር ባነር ያሳትማል፤ ጀሪካን ቤንዚንም ይገዛል። ያንን ብር ንጹሕ የሚያደርገው ደረሰኙ ነው። ገንዘቡን የያዘው ማን ነው? ምን ተገዛበት? ካልተገዛበትስ የት አለ? የቴሌብር ዝውውሩ ከስልክዎ ቢጠፋ እንኳ ኩባንያው ዘንድ አለ፤ የተላከበት ምክንያት የሚጻፍባት ቦታ ላይ ምን እንደ ጻፉ ዛሬውኑ ይዩ።

የማይስማማ ሰው በግልጽ፣ በዚያው ቦታ፣ በሰዓቱ "እኔ በዚህ የለሁበትም" ብሎ መጻፍ አለበት፤ ብሩንም ማስመለስ። በኩርፊያ ከግሩፕ መውጣት ብቻውን አይበቃም፤ ከሥራው በኋላ የወጣ እንዳይመስል ቀኑ ይታይ። አሁን ደግሞ የሠራችሁትን ይመልከቱ፤ ግሩፑን አጠፋችሁት። አንዱ ሰው ቅጽበታዊ ምስል አንስቶ ከሆነ "እሺ"ው እሱ ዘንድ አለ። የጠፋው የተቃወሙት የሁለቱ ልጆች ቃል ነው፤ ምናልባትም የእርስዎ። የሚያስከስሰው ቀርቶ የሚያድነውን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው! በዚያ ላይ ልጆቹ ለምርመራ ከተጠሩ በኋላ የተደረገ ማጥፋት ማስረጃ ማሸሽ ተብሎ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከእንግዲህ አንዲት መልእክት፣ አንድ ፎቶ እንኳ አያጥፉ። ስልክ አይቀይሩ፤ ቢበላሽም አይጣሉት። ከሌሎቹ ጋር "እንዲህ ብለን እንናገር" ብላችሁ አትገናኙ፤ ያኔ አድማውን ራሳችሁ ሠራችሁት።

ስለ ፍርሃትዎ አንድ ነገር። ዞን 9 የተባለው ስብስብ ጦማርያን (በኢንተርኔት የሚጽፉ ሰዎች) በሚያዝያ 2006 ሲታሰሩ በክሱ ከተዘረዘሩት ነገሮች አንዱ የኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። ጥቅምት 2008 ላይ ፍርድ ቤት በእስር የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነጻ ሲያደርግ፣ አንደኛውን ግን በአንቀጽ 257 በጽሑፍ መገፋፋት ተከላከል ብሎታል። ከሴራው ነጻ ወጥቶ በንግግሩ መቅረት እንዳለ ልብ ይበሉ። ነጻ የተባሉትም ያን ሁሉ ወር ታስረዋል። "ንጹሕ ነኝ፣ ምን አስጨነቀኝ" የሚለውን አይመኑበት።

መጥሪያ ከደረሰዎ ይሂዱ፤ መቅረት ራሱ ጉዳት አለው። ከመሄድዎ በፊት ግን ጠበቃ ያናግሩ፤ የት እንደሚሄዱም ለቤተሰብ ይንገሩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለዎት፤ ከተያዙ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎ፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው ተገቢ የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። "ላስረዳና ልውጣ" ብሎ ሦስት ገጽ ቃል የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስረዳው መርማሪው ያልጠየቀውን ነው። ጅማ ውስጥ ቃሉ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ አቀላጥፈው የማያነቡ ከሆነ በሚገባዎ ቋንቋ ተተርጉሞ ሳይነበብልዎ አይፈርሙ፤ ያላሉት ካለ እዚያው ይታረም። በንግግር መግባባትና የሕግ ቃል ማንበብ የተለያዩ ናቸው፤ "እችላለሁ" የሚል ኩራት እዚህ ቦታ አይሠራም።

ያሰባችሁት በእርግጥ ሰልፍ ከነበረ መንገዱ አጭር ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ ዓላማው፣ ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚጠበቀው ሰው ብዛት፣ የአዘጋጆቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይኖርበታል። ሰዉ "ፈቃድ" ይለዋል፤ አዋጁ የሚለው ማሳወቅ ነው። በመዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥር የተጻፈበትን ግልባጭ ያዙ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ደብዳቤ፣ ያልተላከ ቢሆን እንኳ፣ ከእናንተ አንዱ ዘንድ ካለ ለጠበቃው ከሁሉ ቀድሞ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

የቴሌብሩን ዝርዝር፣ የባነርም ሆነ የሌላ ግዢ ደረሰኝ፣ ከደረሰዎት መጥሪያውን፣ ስልኩን እንዳለ ይዘው በዚህ ሳምንት ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ። የጠበቃ ክፍያ ካልቻሉ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። መዝገቡን ሳላይ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። በዚያ ምሽት ምን ብለው እንደ መለሱ ግን ለእኔ ጽፈው አይላኩልኝ፤ ለጠበቃዎ በአካል፣ በቃል ይንገሩት።