የአንባቢያን ጥያቄ፦ ለዕድር ጭምብል ከመቁረጣችሁ በፊት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን አዘጋጆች። አራት ሴቶች ሆነን ለዕድራችን አረጋውያን በነፃ የአፍና የአፍንጫ ጭምብል እየሰፋን ነው። መጀመሪያ ያደልናቸው ታጥበው ጠበቡ። መነጽር የሚያደርጉት ጉም ያዘብን፣ ሌሎቹ ላስቲኩ ጆሯችንን ቆረጠን አሉ። አሁን ወርዱ 90 ሳንቲሜትር የሆነ 10 ሜትር አቡጀዲ ገዝተናል። ምን እናስተካክል? ስንትስ ይወጣዋል? (ከደሴ)

መልስ፦ የጠበበው ጨርቁ ሳይታጠብ ስለተቆረጠ ነው፤ ስፌታችሁ ጥፋት የለበትም። ጥጥ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል። ስለዚህ አሥሩንም ሜትር በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አድርቃችሁ ተኩሱ፣ ከዚያ ቁረጡ።

ለአንዱ ጭምብል 20 በ17 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ አንዱ ለላይ አንዱ ለገበር፣ ያስፈልጋሉ። ወርዱ ታጥቦ 87 ቢቀር 17ቱን በወርዱ ስታስኬዱ በአንድ ረድፍ አምስት ይወጣል። ለማሰሪያ በሙሉው ወርድ 4 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ጥብጣቦች ቁረጡ። በዚህ ልክ 55 ያህል ጭምብል ታገኛላችሁ። ላዩን ፖሊስተር ከተቀላቀለበት ሌላ ጨርቅ ካደረጋችሁት 75 ያህል ይደርሳል። እኛም ይህን እንመርጣለን፤ የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ ግንቦት 28 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ባወጣው መመሪያ ገበሩ እርጥበት የሚመጥ ጥጥ፣ ላዩ ውሃ የማይመጥ እንዲሆን፣ በመሐላቸውም ያልተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን እንዲገባ መክሯል። ይህ ብዙ የገበያ ቦርሳ የሚሠራበት ለስላሳ ነገር ነው። አዲስና ኅትመት የሌለበትን ፈልጉ፤ ካውያ ስለሚያቀልጠው ካስገባችሁ በኋላ አትተኩሱ።

ሁለቱን ጨርቆች ፊት ለፊት ገጥማችሁ፣ መሐል የሚገባውን ከላያቸው አንጥፋችሁ፣ ረጃጅሞቹን ጎኖች ከጠርዝ 1 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ስፉና ገልብጡ። ስፒል ጠርዝ ላይ ብቻ ሰኩ፤ መሐሉን የወጋ ስፒል ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ጉሙ የሚመጣው ትንፋሽ በአፍንጫ ግራና ቀኝ ሲያመልጥ ነው። በፕላስቲክ የተለበጠ 12 ሳንቲሜትር ቀጭን ሽቦ ውሰዱ፣ ጫፎቹን በፒንሳ እጠፉ፣ ከላይኛው ስፌት ሥር አስገቡ። ከታቹ አንድ መስመር ስፉበት፤ እንዳይንሸራተትም ግራና ቀኙን ዝጉት። ያልተለበጠ ሽቦ በሁለት እጥበት ይዝጋል።

ከዚያ ሦስት ሽንሽን ያዙ። እያንዳንዱ 2 ሳንቲሜትር ጨርቅ ስለሚበላ ከላይና ከታች ከተሰፋ በኋላ 15 የቀረው ቁመት 9 ይሆናል። ሽንሽኑ በውጭ በኩል ወደ ታች ይመልከት፤ ወደ ላይ ከሆነ አቧራ ያጠራቅማል። መኪናው ስፌት የሚዘለው፣ መርፌም የሚሰበረው እዚህ ነው፤ ጨርቁ እስከ ዘጠኝ ድርብ ይደርሳል። ቁጥር 14 መርፌ አድርጉ፤ ወፍራሙን ቦታ መዘውሩን በእጅ እያዞራችሁ እለፉ።

በመጨረሻ የጥብጣቡን መሐል ከጭምብሉ ጎን ጋር አገናኙ፤ ጠርዙን ሸፍናችሁ 1 ሳንቲሜትር እስኪሆን አጥፋችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ። የተረፈው ከላይና ከታች ማሰሪያ ይሆናል፤ ጆሮ አይነካም። እጃቸው ወደ ኋላ ለማይታዘዝላቸው በጭንቅላት ዙሪያ የሚዞር ላስቲክ አድርጉላቸው።

ጥያቄ፦ ነጠላ ብናጥፍስ?

መልስ፦ ለፀሐይ አንሡና እዩት፤ ብርሃኑ ክሮቹ መሐል ያልፋል። አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለሕፃናትስ እንስፋ?

መልስ፦ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ በፍጹም፤ ያፍነዋል። ጭምብሉን ራሱ ማውለቅ ለማይችል ሰውም አትስጡ።

ከማደላችሁ በፊት ሁሉንም በሳሙና አጥባችሁ አንድ ደቂቃ ቀቅሉ፣ በደንብ ሲደርቁ እያንዳንዱን ለብቻው በንጹሕ ከረጢት አድርጉ። ለአንድ ሰው ሁለት ስጡ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል።