ጠያቂና መላሽ፦ «ካልቸሩ ይገድለዋል ይላል፣ ታዲያ ለምን ይመለሳል?»

«ዶክተር ሰላም ነህ? አባታችን ፕሮስቴት አለባቸው፣ የኦፕራሲዮን ተራ እስኪደርሳቸው ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ከገባላቸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው። በዚህ መሀል ሁለቴ ትኩሳት ያዛቸው፣ ብርድ ብርድ አላቸው፣ የሽንት ካልቸር (ባክቴሪያውን አራብቶ የሚያይ ምርመራ) ተሰራና ሲፕሮ ሴንሲቲቭ ተብሎ ተጻፈ፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ይገድለዋል ማለት ነው አሉን፣ ዋጡ፣ ተሻላቸው፣ ከዛ አስር ቀን ሳይሞላ መልሶ መጣ። ታላቅ ወንድሜ መድሃኒቱ ፎርጅድ ነው ይላል፣ ጎረቤታችን ደግሞ ዶዙን እጥፍ አድርጉላቸው እያሉን ነው። ቱቦው ጫፍ ላይም ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር አለ። ግራ ገባኝ።» አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። ፎርጅድ መድሃኒት የለም አልልም፣ ግን ትኩሳቱ ወርዶ ነበር አይደል? መድሃኒቱ ባዶ ቢሆን ኖሮ መቼ ይወርድ ነበር። እኔ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው።

ባክቴሪያ ሲባል ለብቻው የሚዋኝ ነገር ነው የሚመስለን፣ ግን የሚለጠፍበት ካገኘ፣ ላስቲክ ይሁን ብረት ይሁን ጥርስ፣ ይጣበቅና ከስኳር ሰንሰለት፣ ከፕሮቲንና ከሞቱት ጓደኞቹ ከወጣ ዲኤንኤ ዝልግልግ ነገር ሰርቶ እሱ ውስጥ ይሰፍራል። ባዮፊልም የሚሉት ይሄ ነው። ውሃ የከረመበት ጀሪካን ውስጥ እጅሽን ስትከቺ የሚያሟልጭሽ ነገር አለ አይደል፣ እሱ ነው በቃ። እናቶቻችን ያንን ጀሪካን በረኪና ጨምረው ብቻ አይተዉትም፣ አሸዋ ወይ ጠጠር ከተው ነው የሚነቀንቁት።

አንቲባዮቲክ ለምን አይገድለውም? ብዙ ጊዜ የምትሰሚው መልስ ዝልግልጉ መድሃኒቱን ስለማያሳልፈው ነው የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው፣ ጄንታማይሲን ለምሳሌ ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጌቲቭ የሆነው ዝልግልግ ይይዘውና ያዘገየዋል፣ ሲፕሮ ግን ብዙም ሳይቸገር ነው ዘልቆ የሚገባው፣ ስለዚ እሱ ብቻውን መልስ አይሆንም። ትልቁ ነገር ከስር ያሉት መተኛታቸው ነው። ኦክስጅኑም ምግቡም በደንብ ስለማይደርሳቸው ማደግ ያቆማሉ፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ አብዛኛው የሚገድለው ስራ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው፣ ፔኒሲሊን ግድግዳውን ሲገነባ ይይዘዋል፣ ሲፕሮ ዲኤንኤውን ሲያባዛ፣ ምንም የማይሰራውን ምኑን ያበላሽበታል?

ነገሩ አዲስ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆቹ 1944 ጆሴፍ ቢገር የሚባል አየርላንዳዊ ተመራማሪ ስታፊሎኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ በፔኒሲሊን ሲገድል ከሚሊዮን አንድ ገደማ ይተርፍበት ነበር። የተረፉትን መልሶ ሲያራባቸው ግን የወለዷቸው በዛው ፔኒሲሊን እንደበፊቱ አለቁ። ሬዚስታንት፣ ማለትም መድሃኒቱን የሚቋቋሙ፣ ስላልሆኑ ነዋ፣ ተኝተው ነው ያመለጡት። የአባታችንም የካልቸር ወረቀት አልዋሸም፣ ላብራቶሪው የፈተነው ሽንት ውስጥ የሚዋኘውንና ምግብ ቀርቦለት የሚያድገውን ነው እንጂ ቱቦው ላይ የተኛውን አይደለም። ሲፕሮው የሚዋኘውን ጨረሰ፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ መድሃኒቱ ሲያልቅ የተኙት ነቅተው እንደገና ተበተኑ።

ስለ እጥፉ ዶዝ፦ ባዮፊልም ውስጥ ያለውን ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን የሚዋኘውን ከሚገድለው እስከ 1000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል፣ ስለዚ የጎረቤታችሁ ሁለት እጥፍ ለባክቴሪያው ምኑም አይደለም፣ ለአባታችሁ ግን ነው። ሲፕሮ በአረጋዊ ሰው ላይ ጅማት እስከመበጠስ ያደርሳል፣ ሀሳብም ያዘባርቃል። እባካችሁ እንዳትሞክሩት።

ነጩን አሸዋ በመጥቀስሽ ጎበዝ። ፕሮቲየስ የሚባለው ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ሰብሮ አሞኒያ ያወጣል፣ ያኔ ሽንቱ አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ይሆንና ማግኒዥየምና ካልሲየም ጠጥሮ እዛው ዝልግልጉ ላይ ይጋገራል። እሱ ይሁን ሌላ ምርመራው ይለየዋል፣ ግን እንዲህ ያለ ቱቦ ሊደፈን ስለሚችል ሽንቱ መውረድ ካቆመ ወይ በጎን መፍሰስ ከጀመረ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷቸው።

አሁን ምን ይደረግ? ካቴተር ያለበት ሰው ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ የመግባት ዕድሉ በየቀኑ ከ3 እስከ 7 ፐርሰንት ነው፣ ወር ሲሞላማ የሌለበት ሰው ማግኘት ይከብዳል፣ ስለዚ ትኩሳትም ህመምም ሳይኖር ካልቸር ፖዘቲቭ አለ ተብሎ ብቻ መድሃኒት አይጀመርም። ትኩሳት ሲመጣ ግን ቱቦው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ መጀመሪያ ቱቦው ይቀየር፣ የካልቸሩ ሽንት ከአዲሱ ቱቦ ይወሰድ፣ መድሃኒቱ ከዛ ይምጣ። ከአሮጌው ቱቦ ወይ ከከረጢቱ የተቀዳ ሽንት የሚያሳይሽ ከቱቦው ነዋሪ እየተላቀቀ የሚወርደውን ነው። ሀኪማቸውን «ቱቦው መቼ ነው የተቀየረው?» ብለሽ ጠይቂ፣ አይከፋቸውም፣ ቢከፋቸውም ጠይቂ። ጭራሽ ማውጣት ይቻል እንደሆነም አብረሽ አንሺው።

«አፍ መጉመጥመጫ ገዝቻለሁ፣ መፋቂያው ይቅርብኝ?» አንባቢ፣ ከሪያድ

አይቅርብህ ወንድሜ። ጥርስህ ላይ የሚለጠፈውም ያው ባዮፊልም ነው። ሊዩዌንሁክ የሚባለው ሆላንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ በራሱ እጅ በሰራው ማይክሮስኮፕ የጥርሱን ቆሻሻ ፍቆ ሲያይ የሚርመሰመስ ፍጥረት አገኘ፣ በኮምጣጤ ተጉመጥሙጦ እንደገና ፍቆ ሲያይ ከውስጥ ያሉት ምንም አልሆኑም፣ ኮምጣጤው የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ ነው ብሎ በፈረንጆቹ 1683 ለንደን ላለው ሮያል ሶሳይቲ ለሚባለው የሳይንስ ማህበር ጻፈላቸው። መጉመጥመጫህን ከፈለግክ ከመፋቂያው በኋላ አድርገው።